ከራጁ በፊት

በዊኒፔግ በጥር አስፋልቱ መስተዋት፣
ንፋሱ ምላጭ ነው፣ እርምጃው ጸሎት።
ሰው ይወድቃል፤ እኔ እቀበላለሁ፤
የአጥንት ሐኪም ልሆን ሌት ተቀን እተጋለሁ።
ዳሌ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ጉልበት ከሆኪ ሜዳ፣
ትከሻ ከደረጃ ጫፍ፣ ሁሉም የሌሊት እንግዳ።

ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቴ «አይሆንም» መጣ።
በሁለተኛው ክረምት የጠየቀኝ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ፦
ዶክተር ሃልቮርሰን። ፊቴን ሳያይ እጄን አየ፤
እንደሚገዛው ጓንት ልኩን ሲገምት ቆየ።
«ይህ ሥራ» አለኝ፣ «መዶሻ አለው፣ መሰርሰሪያ፣ መጋዝ፤
የሰው ጭን እንደ ግንድ ነው፣ ደንዝዞ ሲያዝ።
የሕፃናት ሕክምና አለ፣ የቆዳ አለ፤ ብዙ ነው መንገዱ።»
ፈገግ ብዬ ወጣሁ፤
ዓይኖቹ ከኋላዬ የቆመውን ልጅ ትከሻ ወደዱ።

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች፤
ያቺ የእኔ ስብራት ግን በራጅ መች ታየች?
እናቴ ለማኅበሯ «የልብ ሐኪም» ብላ አውርታለች፤
«አጥንት ነው» ስላት፣
«ወጌሻ ለመሆን አሥር ዓመት?» አለች።

ከኤሊስ ጎዳና ሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም ገዛሁ፤
መቅኔውን ለሾርባ፣ አጥንቱን ለመሰርሰሪያ አካፈልሁ።
ጎረቤቴ በሌሊት በሬን ሲያንኳኳ፣
የሚያጓራውን ነገር አልነገርኩትም እንኳ።
በሦስተኛው ዓመት ተቀበሉኝ።
ለምን እንደሆነ አልነገሩኝ።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ መጡ፤
ከሚጠብቁት የሆስፒታላችን መኪና ማቆሚያ፣
አዳልጧቸው የተገለበጡ።
ቀኛቸውን በግራቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው፣
ጋሽ ወልደየስ የደረቴን ስም አነበቡ፣ ዓይናቸውን አጥብበው።
«ትርሲት... የማን ልጅ ነሽ?»
ነገርኳቸው። «ራጅ አዛለሁ።»
«እዘዢ፤ ግን ከአንጓው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው፤ ለክቻለሁ።
ወደ ጀርባው ታጥፏል፤ የትንሿም ጫፍ ለቋል።
ሠላሳ ዓመት ወጌሻ ነበርኩ፤ እጄ የራሱን ያውቃል።»

ራጁ መጣ። ያሉት ሁሉ ነበረ፣ በነጭና በጥቁር።
አደንዝዤ ያዝኩና ልስብ ስል፣ ስታገል፣ ስጥር፣
«ተይ!» አሉኝ። «በጉልበት አይደለም፤ በጉልበትማ ተሰበረ።
መጀመሪያ እጠፊው፣ በዚያው በወደቀበት፣ እንደነበረ፤
ሲላላልሽ በአውራ ጣትሽ ግፊ። አጥንት መንገዱን አይስትም፤
ዓይንሽን ከእጄ አንስተሽ ፊቴን እዪ፤ ፊት አይዋሽም።»

መጽሐፉም ይኸንኑ ይላል፤ ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ።
ፊታቸውን አየሁ። አውራ ጣቴን ገፋሁ።
ቀጭ አለ፤
በጆሮዬ አይደለም፣ በጣቴ ነው የሰማሁ።

ጄሶውን ስጠቀልል፣ «ትንሽ እጅ ደግ ነው» አሉ፤
«ትልቅ እጅ አይሰማም፤ ያለው ጉልበት ነው ሁሉ።»
ቆይተው፣ ግድግዳውን እያዩ፦ «አንድ ልጅ ነበረ፤
ቀርቀሃውን አጥብቄ አሰርኩት፤
በአራተኛው ቀን እግሩ ጠቆረ።»
ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም።
ጄሶውን አላላሁት፤ በየሰዓቱ ጣታቸውን ዳሰስኩ፣
እስኪነጋ አልተኛሁም።

ሃልቮርሰን ራጁን አየ፣ ልክ ሲነጋ፤
«ማን መለሰው?»
«ሁለታችን።»
ሌላው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አለፈ፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ።

ስወጣ የጥበቃ ቤቷ ባዶ፣
ጨው ያልነካው በረዶ።
ሁለት እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ፣
እግሬን እንደ ዳዴ ልጅ አስፍቼ፣
በመስተዋቱ ላይ፣
ቀስ፣
ቀስ።